የዶርቃ ልብሶችና በ2013 ዓ.ም. የተለዩን አራት ሰዎች



እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ በእኛም በዓለም ባንክ ሰው ሲሞት የእድር ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ጎረቤትም ንፍሮና ሻይ ይዞ ይመጣል። በቀብሩ ዕለት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቆምና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። የተወለደበት ዓመት፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የሠራበት መሥሪያ ቤትና የልጆቹ ቁጥር በቅደም ተከተል ይነገራል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የምናገኛቸው የኢዮጴ መበለቶች ግን የሚያነቡት ወረቀት አልነበራቸውም። ዶርቃ ሞታ ጴጥሮስ በመጣ ጊዜ እያለቀሱ ያሳዩት በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ሰውን ስናስታውስ እኛም እንዲሁ ብናደርግ መልካም ነው እላለሁ። "ይህ ሰው ምን ማዕረግ ነበረው?" ከማለት አስቀድመን "በእጃችን ላይ ምን ትቶልን ሄደ?" ብለን እንጠይቅ።

2013 ዓ.ም. ለአገራችን የጦርነትና የወረርሽኝ ዓመት ነበር። ሐዘን በሐዘን ላይ ስለ ተደራረበ ብዙዎችን በወጉ ሳናለቅስላቸው ቀርተናል። በዚያው ዓመት በተለያየ ሙያ የታወቁ አራት ሰዎች ተለይተውናል። ከእኛ መድረክ የምናውቃቸው አይደሉም፤ ነገር ግን ትተውት የሄዱትን "ልብስ" ለልጆቻችን ልናሳያቸው ይገባል።

የገበሬውን ረሀብ ያጠኑ መምህር

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኮሮና ሕመም በ90 ዓመታቸው ያረፉት መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የጂኦግራፊ ምሁርና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በገጠር የደረሰውን ረሀብ አጥንተው በጻፉት መጽሐፍ ረሀብ የዝናብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ፣ ገበሬውን አቅም ያሳጣው ሥርዓትም ተጠያቂ እንደሆነ አስረድተዋል። በ1984 ዓ.ም. ኢሰመጉ በሚል ስም የምናውቀውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ መሠረቱ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ታስረው የተፈቱት በ1999 ዓ.ም. ነው። በፖለቲካ ከእርሳቸው ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ አንድ ነገር አይክድም፤ ድምፅ ለሌለው ሰው መናገር ዋጋ እንደሚያስከፍል እያወቁ ተናግረዋል።

በተሽከርካሪ ወንበር የተሠራ ሥራ

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በካይሮ ሥነ መለኮትን፣ በጀርመን ደግሞ የሴም ቋንቋዎችን የተማሩ የግእዝ ሊቅ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ተመቱና ከዚያን ቀን ጀምሮ እግራቸው መራመድ ተሳነው። ለሕክምና ከአገር ወጡ፤ በኋላም በአሜሪካ ሚኒሶታ ኑሯቸውን መሠረቱ። በዚያ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍት ይጠበቁ ነበር። ፕሮፌሰሩ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው እነዚህን መጻሕፍት በሺህ እየቆጠሩ መረመሩ፤ እያንዳንዱ ምን እንደያዘም መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 ማክአርተር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት ተቀበሉ። ያረፉት ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።

እስቲ አስቡት፤ የአካል ጉዳትና ስደት በአንድ ጊዜ ሲመጡበት "በቃ አለቀልኝ" የማይል ማን ነው? እርሳቸው ግን መሄድ የማይችሉባቸውን ገዳማት መጻሕፍት ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው አነበቡልን።

ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት እናት

ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲጓዙ በወሎ ረሀብ የወደቀውን ሕዝብ አዩ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን ሲያዩ አልፈው መሄድ አልቻሉም። ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው "ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ" ባሏቸው ጊዜ ልጆቹን ይዘው ወጡ። እንጀራ እየሸጡ በድህነት አሳደጓቸው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1986 በሕግ የታወቀ ማኅበር ሆነ፤ በዘመናቸውም ከ12 ሺህ በላይ ወላጅ አልባ ሕፃናት በእጃቸው እንዳለፉ ይነገራል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በኮሮና ሕመም አረፉ።

"ተማር" ያለ ድምፅ

አራተኛው ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ናቸው። በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ዘፍነዋል፤ በ1960ዎቹም አምሃ እሸቴ ባሳተማቸው ሸክላዎች ስማቸው ገነነ፤ "የኢትዮጵያው ኤልቪስ" ተባሉ። ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመታቸው አረፉ። የዘፈንን ነገር በተመለከተ በመካከላችን የተለያየ አቋም እንዳለ አውቃለሁ፤ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ ልተወውና አንድ ነገር ብቻ ልበል። "ተማር ልጄ" የተሰኘው ዘፈናቸው የሚያወርሰው ሀብት የሌለው ወላጅ ልጁን ትምህርት እንዲይዝ የሚመክርበት ነው። በዚያ ዘመን ስንት ያልተማረ አባት በልቡ የያዘውን ቃል በዚህ ዘፈን ሰምቶት ይሆን?

ለባልና ሚስት

ከአራቱ ታሪክ ውስጥ ባለ ትዳሮችን ይበልጥ የሚነካው የወይዘሮ አበበች ይመስለኛል። በእርሳቸውና በባለቤታቸው መካከል ለመፍረድ አይደለም። በመጋቢ ሚስትነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ግን ተመሳሳዩን ጥያቄ በትንሹ በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ሚስት የዘመድ ልጅ ከገጠር ማምጣት ትፈልጋለች፤ ባል የቤት ኪራዩን ያስባል። ባል አገልግሎት ብሎ ምሽቱን ሁሉ ይወጣል፤ ሚስት ከልጆቹ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። አንደኛው ሸክሙን ተቀብሎ ሲመጣ ሌላኛው ገና አልሰማም። ስለዚህ የሚጨነቀው ሁሉ ጨካኝ፣ የሚሰጠው ሁሉ ግድ የለሽ አይደለም።

ለመስጠት ከመነሣታችሁ በፊት አብራችሁ ተቀመጡ። ገቢያችሁን በግልጽ ተነጋገሩ፤ አብራችሁም ጸልዩ። ሃያ አንድ ልጆች ማሳደግ ባትችሉ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ትችሉ ይሆናል። እርሱም ካልሆነ በሳምንት አንድ ቀን የጎረቤትን ልጅ ከልጃችሁ ጋር አስጠኑ። ዶርቃም የከተማውን ሰው ሁሉ አላለበሰችም፤ ያለበሰቻቸው ግን በሞቷ ጊዜ አልረሷትም።

ሌላም የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በአገራችን ሰው የሚመሰገነው ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ ማታ ገበታ ላይ ልጆቻችሁን "ለአንተ ልብስ የሠራልህ ማን ነው? ለአንቺስ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ምናልባት ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ይሆናሉ፤ ምናልባት እናት ሥራ ስትውል ልጆቹን ያዩላት እማማ። ስማቸው ከተጠራ በኋላ ነገ ሳትሉ ስልክ ደውሉላቸው፤ ወይም እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ። ምስጋናውን በጆሯቸው ይስሙት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።