ዕውቀትና ማስተማር፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሥልጠና በጁባና በአገራችን

«ፊዚክስ አውቃለሁ፤ ታዲያ ማስተማሩ ምን ይቸግረኛል?» የሚለው አነጋገር ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ከሚመጡ ወጣቶች ደጋግመን የምንሰማው ነው። መምህርነትን ለመምረጥ የሚያስቡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችም መጀመሪያ የሚጠይቁት «በየትኛው ትምህርት ጎበዝ ነኝ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ለማስረዳት ወደ ጎረቤታችን ወደ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ጁባ እንሻገራለን። ጁባን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በየጊዜው ተበታትነው የታዩት የመምህራን ሥልጠና ችግሮች እዚያ በአንድ ከተማና በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጁባ ታውን የሚባለው ክፍል ከካቶርና ከሙኑኪ ጋር ከከተማይቱ ነባር ክፍሎች አንዱ ነው። በዚያ ገበያ የሚዘዋወር ሰው በአንድ መንገድ ላይ ብዙ ቋንቋ ይሰማል። ሻጭና ገዢ የሚግባቡት «የጁባ አረብኛ» በሚባለው ቀለል ያለ ቋንቋ ነው፤ ባሪው በባሪኛ፣ ዲንካው በዲንክኛ ይጨዋወታል፤ ከአገራችን ሄደው ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱት ደግሞ በአማርኛ ይጠራራሉ። ከዚያው መንገድ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ግን ፊዚክሱንም፣ ሒሳቡንም፣ ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሥራ በዚህ ገበያና በዚያ የመማሪያ ክፍል መካከል ድልድይ መሥራት ነው ለማለት ይቻላል።

በደቡብ ሱዳን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስምንት ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃው አራት ዓመት ነው። እንደ ማሪዲና አራፒ ያሉት ማሠልጠኛ ተቋሞች የሚያዘጋጁት የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ነው። ለሁለተኛ ደረጃ፣ በአንድ ወይም በሁለት የትምህርት ዓይነቶች ተመርቆ የሚያስተምር መምህር የሚፈልቀው ከዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም ከጁባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ኮሌጅ ነው። በዚያ ኮሌጅ ዕጩው የትምህርቱን ዕውቀትና የማስተማሩን ጥበብ ጎን ለጎን ይቀስማል።

የዚህ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከእኛው ዋና ከተማ ይነሣል። በየካቲት 1972 በሱዳን መንግሥትና በደቡቡ ታጣቂዎች መካከል የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት የመጀመሪያውን የእርስ በርስ ጦርነት ዘጋ። ለደቡቡም የራሱን አስተዳደር ሰጠ፤ እንግሊዝኛም የክልሉ ዋና ቋንቋ እንዲሆን ፈቀደ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ የሰላም ዘመን በ1975 ተቋቁሞ በ1977 ማስተማር ጀመረ። ነገር ግን በ1983 ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ በ1989 ዩኒቨርሲቲው ከነተማሪውና ከነመምህሩ ወደ ካርቱም ተዛወረ። በ1990 ደግሞ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች በአረብኛ እንዲያስተምሩ የካርቱም መንግሥት አዘዘ። ሰላሙ በ2005 ተፈረመ፤ አገሪቱ በሐምሌ 2011 ነጻ ወጣች፤ በዚያው ዓመት የወጣው የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አደረገ። ዩኒቨርሲቲውም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጁባ ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የዘመን ዝርዝር ለታሪክ ፈተና ብለን አልደረደርነውም። በ1992 ወደ ትምህርት ኮሌጅ የገባ አንድ የሒሳብ ዕጩ መምህር ምን እንደሚደርስበት አስቡ። በካርቱም በአረብኛ ተምሮ፣ በአረብኛ አስተምሮ፣ ሀያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ጁባ ተመልሶ ያንኑ ሒሳብ በእንግሊዝኛ እንዲያስተምር ይጠየቃል። ሒሳብ በቋንቋ የማይወሰን ዕውቀት ነው የሚሉ አሉ፤ ወደ ሰሌዳ ሲወጡ ግን እንዲህ አይደለም። አረብኛን በሚከተለው የሒሳብ አጻጻፍ ያልታወቀው ቁጥር በ«ኤክስ» ፋንታ «ሲን» በሚባለው ፊደል ይወከላል፤ ቀመሩም ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ስለዚህ ይህ መምህር የሚለውጠው ምላሱን ብቻ ሳይሆን እጁንም ነው። ዲግሪው አልተሰረዘም፤ ዕውቀቱም አልጠፋም። የጎደለው ዕውቀቱን ከተማሪው ጋር የሚያገናኘው መንገድ ነው።

በጁባ ሰዎች አነጋገር «የአረብኛ ሥርዓት» እና «የእንግሊዝኛ ሥርዓት» የተባሉ ሁለት ዓይነት ምሩቃን ተለይተው ይታወቃሉ። የፊተኞቹ በሰሜን የተማሩት ናቸው። የኋለኞቹ በስደት በኬንያና በኡጋንዳ ያደጉት ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ በ1980ዎቹ በጋምቤላ በኢታንግና በፉኝዶ መጠለያዎች ከዛፍ ሥር ፊደል የቆጠሩ አሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች በአንድ የመምህራን ክፍል ተቀምጠው ለአንድ ክፍል ያስተምራሉ። በእኛ አስተያየት ለእንደዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚበጀው አዲስ መጽሐፍ ማደል ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን እርስ በርሳቸው ክፍል እየገቡ እንዲታዘቡ ማድረግ ነው። አንዱ ቋንቋውን፣ ሌላው የቆየ የክፍል ልምዱን ያበድራልና።

የቋንቋውን ጉዳይ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። በፊዚክስ እንግሊዝኛው ለሦስት ነገሮች ሦስት የተለያዩ ቃላት አሉት፦ «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ»፣ «ፓወር»። የመጽሐፍ አረብኛም «ቁዋ»፣ «ጣቃ»፣ «ቁድራ» ብሎ ይለያቸዋል። የእኛን የዕለት ንግግር ስንመለከት ግን «ኃይል» የሚለው አንድ ቃል ለሦስቱም ይሮጣል፤ «ጉልበት»ም ይከተለዋል። ዝናቡ ኃይለኛ ነው፤ ሠራዊቱ የጦር ኃይል ነው፤ የኤሌክትሪኩ መሥሪያ ቤትም መብራት ኃይል ይባላል። እንግዲህ በዘጠነኛ ክፍል «ፎርስ ማለት ኃይል ነው»፣ በሚቀጥለው ሳምንት «ኢነርጂ ማለት ኃይል ነው» ብሎ የተረጎመ መምህር በሦስተኛው ሳምንት የሚያስተምራቸው ተማሪዎች ቢደናገሩ ጥፋቱ የማን ነው? ይህ መምህር ፊዚክሱን አሳምሮ ያውቅ ይሆናል። ሳያውቅ የቀረው ተማሪው በምን ቃልና በምን አስተሳሰብ ይዞ ወደ ክፍል እንደሚገባ ነው። በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛው አልገባ ሲል ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ዘወር የሚል መምህር በአገራችን ጥቂት አይደለም። መዞሩን አንነቅፍም፤ የት እንደሚዞርና በየትኛው ቃል እንደሚዞር ግን በትምህርት ዕቅዱ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ሌላም እንጨምር። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንጋይ ከእኩል ከፍታ ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ መሬት ይደርሳል ተብለው ሲጠየቁ ብዙ ተማሪዎች «ትልቁ» ይላሉ። ዕውቀቱ ብቻ ያለው መምህር ቀመሩን ጽፎ ያልፋል። የሠለጠነው መምህር መጀመሪያ እጅ ያስወጣል፤ ግምታቸውን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዮቹን ከጠረጴዛ ላይ ይለቃል። ተማሪው ገምቶ ሲሳሳት ያየውን ነገር በቶሎ አይረሳም። ለዚህ ሁለት ድንጋይ ብቻ ስለሚበቃ ቤተ ሙከራ የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን በ1986 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ከትምህርቱ ዕውቀትና ከጠቅላላው የማስተማር ዘዴ ለይቶ የራሱ ስም ሰጠው። አንድ ትምህርት ለተማሪ ሲቀርብ የት ላይ እንደሚያስቸግር፣ በየትኛው ምሳሌ እንደሚበራ ማወቅ ማለቱ ነው። የኬሚስትሪ ምሁር ሁሉ ይህ ዕውቀት የለውም፤ የኬሚስትሪ መምህር ግን ያለዚህ ዕውቀት ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ይህ ዕውቀት መቼና የት ይገኛል? አገራችን መልሱን ስትፈልግ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ብላለች። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሆነው መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተምሩ፣ ከ1964 ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት አገልግሎት እንዲሰጡ ሲላኩ፣ ጉዳዩ ሰው የማግኘት እንጂ ሰው የማሠልጠን አልነበረም። በዚያው ዘመን በኮተቤ፣ በ1972 ደግሞ በባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ የመምህራን ማሠልጠኛው መሠረት ተጣለ።

ዋናው ክርክር የመጣው በኋላ ነው። በ2003 የመምህራን ትምህርት ሥርዓት እንደገና ሲዋቀር ዕጩው ዕውቀቱንና ማስተማሩን በአንድነት እንዲማር፣ በትምህርት ቤት የሚያሳልፈውም የልምምድ ጊዜ እንዲበዛ ተደረገ። የዲግሪው ዘመን ግን ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፤ ስለዚህም «የትምህርቱ ዕውቀት ሳሳ» የሚል ወቀሳ ተነሣ። በ2011 ወደ ሌላው ጫፍ ተሄደ፤ ዕጩው በመጀመሪያ እንደማንኛውም የሳይንስ ወይም የቋንቋ ተማሪ ተመርቆ፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ እንዲወስድ ተወሰነ። የዚህ መንገድ ጉድለት ደግሞ መምህርነት ሌላ ሥራ ያጣ ምሩቅ የሚገባበት በር እንዳይሆን ማስጋቱ ነው። በመካከሉ በ2004 በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት መጥቶ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ወስዶ ነበር። መምህሩም በገዛ ክፍሉ የቴሌቪዥኑ ረዳት ሆነ።

ጎን ለጎን ይሻላል ወይስ ተከታትሎ? በእኛ ግምት ጎን ለጎኑ የተሻለ ነው። ዕጩው ኤሌክትሪክን እየተማረ «ይህን ለአሥረኛ ክፍል እንዴት እነግረዋለሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛልና። ሆኖም ሁለቱም መንገዶች የሚፈተኑበት ቦታ አንድ ነው፤ እርሱም የልምምዱ ክፍል ነው። ዕጩው ለጥቂት ሳምንታት ከኋላ ተቀምጦ ይታዘባል፤ ቀጥሎ የክፍለ ጊዜውን ከፊል ያስተምራል፤ በመጨረሻ ሙሉውን አርባ ደቂቃ ለብቻው ይይዛል። ከኋላ ባለልምድ መምህር ተቀምጦ ካልታዘበውና ከክፍሉ ሲወጡ «ያ የሦስተኛው ረድፍ ልጅ ያልመለሰው ለምን ይመስልሃል?» ብሎ ካልጠየቀው፣ ልምምዱ ልምምድ አይባልም። አሠልጣኙ አንድ ጊዜ መጥቶ ቅጽ ሞልቶ የሚሄድ ከሆነ ዕጩው የሚያገኘው ነጥብ ነው።

በጁባ ችግሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ባለልምዱ ራሱ ሥልጠናውን ሳይጨርስ ወይም በሌላ ቋንቋ ሠልጥኖ የገባ ከሆነ ዕጩውን ማን ይምራው? በ2013 መጨረሻ በጁባ ከተነሣው ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ እየወደቀ ሲሄድ የመምህር ደመወዝ በመርከሱና በመዘግየቱ ብዙ መምህራን ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። ከ2017 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በወር 40 የአሜሪካ ዶላር ድጎማ መክፈሉ በሥራቸው ላይ እንዲቆዩ ለመርዳት ነበር። እንግሊዝኛ ያለው ምሩቅ በጁባ ታውን ካሉት ድርጅቶች በአንዱ ሥራ ቢያገኝ ከመምህርነት የበለጠ ይከፈለዋል። ስለዚህ ከክፍሉ የሚወጣው ለአዲሱ ዕጩ መሪ ሊሆን ይችል የነበረው ያው ሰው ነው።

ለመምህርነት የምትዘጋጁ ተማሪዎች ገና ከአሁኑ ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አለ። በጣም የምትወዱትን ትምህርት አንድ ምዕራፍ ወስዳችሁ ከእናንተ በሁለት ክፍል ለሚያንስ ልጅ አስረዱ፤ ያልገባውን ቃል በማስታወሻ ጻፉ፤ በማግስቱ በሌላ ምሳሌ ሞክሩ። ወደ ማሠልጠኛ ስትገቡ ያንን ማስታወሻ ይዛችሁ ኑ፤ ከምስክር ወረቀታችሁ ቀጥሎ የምንጠይቃችሁ እርሱን ነው።