የምግብ ትምህርት በጉና ግርጌ

ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ምግብ የሚሰጥ ትምህርት ሁለት ነገሮችን ያቅፋል፤ ምግብ ከየት እንደሚመጣና ጤናማ ለመሆን ምን ምን መብላት እንደሚያስፈልግ። በትልቅ ከተማ ላደገ ልጅ የመጀመሪያው ራሱ አዲስ ነገር ነው። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ብዙው ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ጥጃ አግዷል፣ ሰብል ከወፍ ጠብቋል፣ አውድማ ላይ ውሏል። ለእሱ የሚያስፈልገው ማሳው ላይ ካለው ውስጥ ምኑ ማዕዱ ላይ ሳይደርስ እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር ማወቅ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ ለመምህር ትልቅ ሀብት ነው። በራስ ጉግሳ የተቆረቆረችው ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል፤ የፎገራ ሜዳ ደግሞ እስከ ጣና ዳር ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል። ከጉና ገብስና ድንች፣ ከፋርጣና ከእስቴ ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ከፎገራ ሩዝ፣ ከጣና ዓሣ፣ ከስማዳ ቆላ ማሽላ ይመጣል። የጥንት የሚመስለው ሁሉም ጥንታዊ አይደለም። ድንችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ሩዝ በፎገራ የተለመደው በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። ዛሬ በዚያ አካባቢ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገራል።

እህሉ እንዲህ ብዙ ዓይነት ሆኖ ሳለ የልጆች አመጋገብ ግን ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው ያህል መቀንጨሩን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማም መቀንጨርን ማጥፋት ነው። መቀንጨር በዋናነት የሚደርሰው ከሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት ስለሆነ ለተማሪው ለራሱ ጊዜው አልፏል ሊባል ይችላል። ነገር ግን እናት ውኃ ስትቀዳ ወይም ገበያ ስትውል ታናሹን የምታበላው የሦስተኛ ክፍሏ ተማሪ ናት። ገንፎው ላይ ምን እንደሚጨመር ማወቋ ለሕፃኑ ይደርሳል።

የእንቁላል ጉዳይ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዶሮ ያለው ቤት ሁሉ እንቁላል ይበላል ማለት አይደለም። እንቁላሉ ገለባ ተነጥፎለት በቅርጫት ወደ ገበያ ይወርዳል፤ በሽያጩ ጨው፣ ዘይት፣ ደብተር ይገዛል። ቅርጫቱን የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። መምህሩ «እንቁላል ብሉ» ብሎ ሲያልፍ ትምህርቱ ወላጅን መውቀስ ይሆናል። ከሚሸጠው ላይ አንዱን ለታናሽ ማስቀረት ምን እንደሚያስወጣና ምን እንደሚያተርፍ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማስላት ግን ወላጅም የሚሰማው ትምህርት ነው።

በአገሪቱ የሥነ ምግብ ትምህርት መሠረት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነው፤ ይህ ተቋም በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የተገኘው ከዚያ ነው። በትምህርት ቤት ከሁሉ በላይ የጸናው ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብሎ በሦስት መክፈል ነው። ክፍፍሉ ለመያዝ ቀላል ነው፤ ጉድለቱ በሥዕል ብቻ ሲቀር ነው። መጽሐፉ ላይ ብርቱካንና ሙዝ ያየ የጋይንት ልጅ በጓሮው ያለው የሐበሻ ጎመን በሽታ ተከላካይ መሆኑን ላያስብ ይችላል።

የአካባቢው የምግብ አዘገጃጀት ግን ራሱ የሳይንስ ትምህርት ነው። ግብጦ በደከመ መሬት ላይ የሚበቅልና በገንቢ ንጥረ ነገር የበለጸገ ነው፤ ሆኖም መራራውና መርዛማው ነገር ካልወጣለት አይበላም። ተቆልቶ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ጆንያውን ወንዝ ወርዶ የሚያስረውና የሚጠብቀው ልጅ ነው። መምህሩ «ውኃው ምን ይዞ ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ ሁሉ የሚናገረው አለው። ጓያ ከዚህ የከበደ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው እግሩ ሽባ የሆነው በችግር ጊዜ ለወራት ጓያን ዋና ምግብ በማድረግ ነው። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ይጎዳል የሚል እምነት በገጠር አለ። ጉዳቱ ግን የሚመጣው ብዙ መጠን ለረጅም ጊዜ ከመብላት ነው፤ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሳል። አረንጓዴ የሆነ ድንች እንደማይበላም ልጆች ሊማሩ ይገባል።

ደጋው አዮዲን የሚጎድለው በመሆኑ እንቅርት የቆየ ችግር ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ልጅ ለቤቱ ይዞት የሚሄደው መልእክት አጭር ነው፤ ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጥ ላይም ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ጾምን የዘለለ የምግብ ትምህርት በዚህ አገር አይሠራም። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጆች ጾም የሚለማመዱት ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚገቡትም ያኔ ነው። ወተትና እንቁላል በማይበላበት ጊዜ ሽሮ፣ ስልጆ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት ቦታውን በከፊል ይሸፍናሉ። መምህር ሁለት ሳህን፣ የፍስክና የጾም፣ አዘጋጅቶ ማስተማር አለበት፤ ከእምነቱ ጋር የተጋጨ ትምህርት ከክፍሉ በር አያልፍም።

በሌላው ዓለም ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትምህርትን በሕግ ደንግጋለች፤ ተማሪዎች ምሳቸውን ራሳቸው ያድላሉ፣ ይማሩበታልም። እዚህ ለዚያ የሚቀርበው የትምህርት ቤት ጓሮና ክበብ ነው። የጓሮው ፈተና የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ነው፤ ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው መስከረም ላይ፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት መትከል፣ ከዚያ ተማሪዎች እጃቸውን የሚታጠቡበትን ውኃ ወደ መደቡ ማፍሰስ ነው። ጎመን ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለወራት ስለሚሰጥ አንድ መደብ ለብዙ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።