ርግብ አውሮፕላን ይጥላል?

ባለፈው ጥር እናቴን ይዤ ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር በረርኩ። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። የተሳፈርንበት ኪው 400 አውሮፕላን ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ምድሩ ወለል ብሎ ይታያል። እሷ ግን ዓይኗን ከፕሮፔለሩ አልነቀለችም።

«ልጄ፣ ያኔ ርግብ ነው የጣለው ያሉት እውነት ነው?»

ወዲያው ገባኝ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ገጠመው። ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ በሰፈራችን ወሬውን ያመነ አልነበረም። በእጅ የምትያዝ ወፍ ያን የሚያህል ብረት እንዴት ትጥላለች?

እውነት ነው፣ እማዬ። ጄት ሞተር አየር እየማገ ነው የሚሠራው። ፊቱ ላይ ያለው ማራገቢያ እጅግ በፍጥነት ስለሚሽከረከር አንዲት ወፍ እንኳ ስትገባበት ሊጎዳ ይችላል። አንዱ ሞተር ቢበላሽ በሌላው ተመልሶ ማረፍ ይቻላል፤ የዚያን ቀን ግን ርግቦቹ ሁለቱም ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለመመለስ ዞረው ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወርድ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሣ። ከ104 ሰው 35 ሞቱ።

«69 ተርፈዋል» ስላት «ተመስገን» አለች። ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። በሰፈራችን ሲወራ የኖረው ስለሞቱት ብቻ ነው። ያን አውሮፕላን ገላጣ ሜዳ ላይ ያሳረፉት አብራሪዎች ግን ከዚህ የበለጠ ሊወራላቸው ይገባል እላለሁ።

የአየር መንገዱ አጀማመርም ሊወራለት ይገባል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ በእጁ የነበሩት ከአሜሪካ መንግሥት የተገዙ፣ ዳኮታ የተባሉ አምስት የጦር ማጓጓዣ አውሮፕላኖች ናቸው። መንገደኛው ጎንና ጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፣ መሐሉ ላይ ዕቃ ይጫን ነበር። እንዲህ ባለ አውሮፕላን ነው ለተራራማ አገራችን መንገድ የተከፈተው። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው የባሕር ዳር ጉዞ ዛሬ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ደጋው ግን የራሱ ፈተና አለው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር፣ ባሕር ዳርም ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚሸከመው፣ ሞተሩም የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። ወፏ ደግሞ የትም አለች። ክፍት ቆሻሻ፣ የቆመ ውኃና የተበተነ እህል ወደ ሜዳው ይጠሯታል። ስለዚህ የአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ ከአጥሩ ውጭም ይዘልቃል፤ በአካባቢው ቆሻሻ የሚጥለውን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

ጣናን ስናይ ከክንፉ ሥር ካለው ሞተር ጎማው እየተዘረጋ ወረደ። እናቴ እጄን ጭምቅ አደረገች።

«ይኸው ወረደልሽ» አልኳት።

መሬት ነካን። ቀበቶዋን ሳትፈታ፣ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው።

«ርግብ አላየሁም» አለች።