ጨነቅ ገደል ላይ ዋልያን ያየን ዕለት

ዋልያ የሚለውን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ልጅ ያለ አይመስለንም። የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን ተጫዋቾች «ዋልያዎቹ» ይባላሉ። ስሙን በቢራ ጠርሙስ ላይ የለጠፉትም አሉ፤ እንስሳው ግን ከተራራ ውሃ በቀር ሌላ አይጠጣም! ይሁንና ባለስሙን በዓይኑ ያየው ከመካከላችን ስንቱ ነው? እኛም ለብዙ ጊዜ በሥዕል ብቻ ከሚያውቁት ወገን ነበርን።

ዕድሉ የገጠመን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የጥር ወር፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጃናሞራ በሄድንበት ጊዜ ነው። የወረዳዋ ከተማ መካነ ብርሃን ናት። ከዚያ ወደ ደባርቅ የሚመለስ መንገደኛ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጨነቅ ይወርዳል፤ ጨነቅ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዋልያ በቅርብ ከሚታይባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። የአገሩ ሰው ለገበያም ለሕክምናም የሚመላለስበት መንገድ ስለሆነ ዋልያን ማየት ብርቁ አይደለም።

ፈጅርን ሰግደን፣ ጋቢያችንን ደርበን ተነሣን። የቧሂት ጫፍ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነውና መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ትንፋሽ ያጥራል። አስታው ከኋላ ይቀርና ጓሳ ሣር፣ እንደ ምሰሶም የቆመ ጅባራ ብቻ ይታያል። አብሮን የነበረው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውርጩን ከሣሩ ላይ እያነሣ ሲቀምስ ከለከልነው፤ በኋላ ግን እኛም ቀመስን።

ጨነቅ ስንደርስ አንድ የፓርኩ ስካውት ተቀበለን። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ገደሉ አፋፍ መራንና «እዚህ ተቀመጡ፤ ድምፅ አታሰሙ፤ ፀሐይ ገደሉን ስትነካው ራሳቸው ይወጣሉ» አለን። ተቀመጥን። ጭላዳዎች ከወዲያ ማዶ ሣር ይነጫሉ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ስካውቱ በጣቱ ወደታች አመለከተን፤ እኛ ግን ከቡናማ ድንጋይ በቀር የምናየው አልነበረም። ድንገት ከድንጋዮቹ አንዱ ጆሮውን አራገበ። ሱብሓነላህ! ለካስ ከፊታችን አምስት እንስት ዋልያዎች ተኝተው ፀሐይ ይሞቁ ኖሯል!

ከመካከላቸው አንዲቱ ግልገል ነበራት። ዋልያ በብዛት የሚወልደው በመስከረምና በጥቅምት ግድም ነውና ግልገሏ አራት ወር ያህል ሳይሆናት አይቀርም። እናቲቱ ተነሥታ እኛ እግራችንን የማናሳርፍበትን የገደል ጠርዝ ተያያዘችው፤ ግልገሏም ተከተለቻት። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። ምስጢሩ ሰኮናቸው ላይ ነው፤ ዳሩ ጠንካራ፣ መሐሉ ለስላሳ ሆኖ ዓለቱን ይጨብጣል። ነብርና ጅብ ሊደርሱባት የሚቸገሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አውራውን ያየነው ዘግየት ብለን ነው። ብቻውን ነበር። ጢሙ ረጅም፣ ጠጉሩ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ እግሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለው፣ ቀንዱ ቋጠሮ ቋጠሮ እየሠራ ወደ ጀርባው የታጠፈ። የአውራ ዋልያ ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ክብደቱም ከመቶ ኪሎ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በሲናና በዓረብ ተራሮች የሚኖረው፣ ዓረቦች ወዕል የሚሉት የቅርብ ዘመዱ በአካል ያንሰዋል። ዋልያ ግን ከነዚህ የሰሜን ገደሎች ውጪ በዱር የሚኖርበት አገር በዓለም ላይ የለም።

«ጋሼ፣ ሥጋው ይበላል?» ሲል ልጁ ስካውቱን ጠየቀው። ስካውቱ ሳቀ። የፍየል ወገን መሆኑን፣ በጥንት ጊዜ ሰዎች ለሥጋው ሲያድኑት፣ ከቀንዱም ዋንጫ ሲሠሩ እንደኖሩ፣ ዛሬ ግን እሱን መግደል በሕግ የተከለከለ መሆኑን አስረዳው። እኛም ኢሕራም ያደረገ ሰው የየብስ አውሬ ማደን እንደማይፈቀድለት፣ በመካ ሐረም ክልልም አውሬው እንደማይነካ ነገርነው። «ይሄም ሐረም ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አጥተን ስካውቱን አየነው።

ስካውቱ የግጭ ተወላጅ ነበር። ግጭ በፓርኩ እምብርት፣ ሙስሊሞች ገብስ እያረሱና ከብት እያረቡ የኖሩባት መንደር ናት፤ ይልቁንም ነበረች እንበል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን ዩኔስኮ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የሰፈራውና የግጦሹ መብዛት፣ እኛ የመጣንበት መንገድም ጭምር ይገኙበታል። በ2016 ከ400 የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዜናው በየአገሩ በደስታ ተነገረ፤ ሞፈሩን ጥሎ ከተማ የገባው ገበሬ ምን በልቶ እንዳደረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

«አባቴ የተቀበረው እዚያ ነው» አለን፣ በእጁ ወደ ግጭ አቅጣጫ እያመለከተ። ዋልያውን ሲያይ ቅር አይለው እንደሆነ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የወጣነው ለሱ ተብሎ አይደል? እሱም ካለቀማ የኛ መውጣት ለምን ሆነ?» አለ።

ይህ ቃል ከአእምሯችን አልጠፋም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 150 ያህል ብቻ ቀርቶ የነበረው ዋልያ በ2015 ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። ከ2020 ወዲህ በአካባቢው የተከታተለው ጦርነትና ግጭት ጥበቃውን አላልቶ፣ አደኑን መልሶ አምጥቶ፣ በቅርብ ዓመታት በተደረገ ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 300 ገደማ ወርዷል።

ባለፈው ወር ለስካውቱ ስልክ ደወልንለት። የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የደባርቅን ኑሮ፣ የጤፍን ዋጋ ጠየቅነው፤ አል-ሐምዱ ሊላህ አለ። በመጨረሻም ልጁ ስልኩን ነጥቆን ስለ ግልገሎቹ ጠየቀው።

ሰሞኑን ከጨነቅ በታች ሁለት ማየቱን ነገረው።