ከሰው በፊት የሚሰበር አጥንት

አፖሎ 12 ከጨረቃ ተመልሳ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1969 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ስታርፍ ከውሃው ጋር የተጋጨችው በኃይል ነበር። ከማሰሪያው የተላቀቀ የፊልም ካሜራ ወርዶ የጠፈርተኛውን የአላን ቢንን ግንባር መታው። ቢን ለአፍታ ራሱን ሳተ፤ ከቀኝ ቅንድቡ በላይ የተከፈተውን ቁስል ለመዝጋት ስድስት ስፌት አስፈለገ። ጨረቃን ረግጦ የተመለሰ ሰው የቆሰለው ምድር ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለ ጠፈር አደጋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ፍንዳታና እሳት ነው። መንኮራኩሩ ሳይፈርስ የተሳፋሪው አካል ብቻ የሚጎዳበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። በዚያው በ1969 መጀመሪያ የሶቪየቱ ቦሪስ ቮሊኖቭ በሶዩዝ 5 ሲመለስ መሬት ላይ በኃይል ከመጋጨቱ የተነሳ ጥርሶቹ ተሰብረዋል። በኤፕሪል 2008 ደግሞ ሶዩዝ ቲኤምኤ-11 ከታሰበው መስመር ወጥታ ቁልቁል ስትምዘገዘግ፣ በውስጧ የነበሩት ሦስት ሰዎች ከክብደታቸው ከስምንት እጥፍ በላይ የሆነ ጫና አረፈባቸው። ከእነሱ አንዷ፣ የመጀመሪያዋ ደቡብ ኮሪያዊት ጠፈርተኛ ዪ ሶ-ዮን፣ አገሯ ከገባች በኋላ በከባድ የጀርባ ሕመም ሆስፒታል ተኝታለች።

ጠፈር የሰውን አካል ስለሚያዳክም ችግሩ ይብሳል። ክብደት በሌለበት ሁኔታ የሚኖር ጠፈርተኛ እንደ ዳሌ ካሉ ሸክም ተሸካሚ አጥንቶቹ በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆነውን ይዘት ሊያጣ ይችላል። የሚጫነው ክብደት ስለሌለ አከርካሪው ይሳሳባል፤ ቁመቱም እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ከበረራ በኋላ የዲስክ መንሸራተት በጠፈርተኞች ላይ ከሌላው ሰው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ በጥናት ታይቷል። ከወራት ቆይታ በኋላ የማረፊያውን ምት የሚቀበለው ይህ የላላና የሳሳ አካል ነው።

የሰው ልጅ ምን ያህል ምት እንደሚችል ለማወቅ ቀድሞ የነበረው መንገድ ራስን ለሙከራ ማቅረብ ነበር። አሜሪካዊው የአየር ኃይል ሐኪም ጆን ስታፕ በዲሴምበር 1954 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሮኬት በሚገፋ ሸርተቴ ላይ ታስሮ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተፈተለከ በኋላ፣ በ1.4 ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም ተደረገ። ያረፈበት ጫና ከክብደቱ 46 እጥፍ ደረሰ፤ ዓይኖቹ ደም ቋጥረው ለጊዜው ማየት ተሳነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅድ አይገኝም።

ቦታውን የተካው የሰው ቅርጽ ያለው ዱሚ ነው። በ2022 የናሳ አርቴሚስ 1 ሰው ሳትይዝ ጨረቃን ዞራ ስትመለስ በአዛዡ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሴንሰር የተገጠመለት «ካምፖስ» የተባለ ዱሚ ነበር። ስሙን ያገኘው የአፖሎ 13ን ሠራተኞች ለማዳን ከረዱት መሐንዲሶች አንዱ ከነበረው ከአርቱሮ ካምፖስ ነው። ሆኖም ዱሚ አንገቱ ላይ ስንት ኃይል እንዳረፈ ቢናገርም፣ የትኛው የጎድን አጥንት እንደሚሰነጠቅ ወይም ሳንባ የት ላይ እንደሚጎዳ አይናገርም። የተሠራው ከብረት፣ ከጎማና ከፕላስቲክ ነውና።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ሥራው የሚጀምረው በሕይወት ያለን ሰው በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ ከራስ እስከ እግር በማንሳት ነው። ከዚያ አጥንቱ፣ ጅማቱ፣ ጡንቻውና የውስጥ አካላቱ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ይከፈላሉ፤ እንደ ሰፌድ ስፌት አንዱ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ ምን ያህል እንደሚለጠጥና መቼ እንደሚበጠስ ይነገረዋል። ምቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ኃይሉ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ እንዴት እንደተሻገረ እጅግ ባጠሩ ቅጽበቶች እየከፋፈለ ያሰላል። ውጤቱም ለሳይንስ ከተለገሱ አስከሬኖችና ጉዳት በማያደርሱ የበጎ ፈቃደኞች ሙከራዎች ከተገኘ መረጃ ጋር ይመሳከራል።

ቴክኖሎጂው የተወለደው ከመኪና ነው። ቶዮታ «ተምስ» የተባለውን ሞዴሉን በ2000 አወጣ፤ ከ2021 ጀምሮም በነፃ እንዲገኝ አድርጎታል። ሌሎች የመኪና አምራቾችም በ2006 ተባብረው የራሳቸውን ሞዴሎች ማዘጋጀት ጀመሩ። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከናሳ ጋር ሆነው እነዚህን ሞዴሎች የመንኮራኩር ወንበር ላይ አስቀምጠዋል። የአርቴሚስ በረራዎች መንኮራኩር የሆነችው ኦራይን በሦስት ትልልቅ ፓራሹቶች ተንጠልጥላ ውቅያኖስ የምትነካው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው፤ ነፋስና ማዕበል ግን ምቱ ከፊት፣ ከጎን ወይም ከጀርባ እንዲመጣ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሁሉንም አቅጣጫ በእውነተኛ ሰው መሞከር አይቻልም። በሞዴል ግን ቀበቶውን እያጠበቁ፣ የራስ ቁሩን እየለወጡ ደጋግሞ ማየት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ዝርዝር ዋጋ እንዳለው ከአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ከኮሎምቢያ አደጋ በኋላ በጉልህ ታይቷል። ናሳ በዲሴምበር 2008 ያወጣው ሪፖርት፣ በ2003 የሰባት ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው አደጋ ሊተረፍበት የሚችል እንዳልነበር ቢገልጽም፣ ቀበቶዎቹ የላይኛውን አካል አጥብቀው እንዳልያዙና የራስ ቁሩ ከጭንቅላት ጋር ተገጣጥሞ የተሠራ እንዳልነበር መዝግቧል።

ሞዴሉ ግን የሚያውቀው የተነገረውን አካል ብቻ ነው። መለኪያ ሆኖ የቆየው ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 77 ኪሎ ገደማ የሆነ ወንድ ነው። አጭርና ቀላል ሴት እዚያው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ቀበቶው ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የራስ ቁሩን ክብደት የሚሸከመውም ቀጭን አንገት ነው። የአካል ልክ ችላ ሲባል ምን እንደሚከተል በማርች 2019 ታይቷል፦ ለሁለት ሴቶች ታቅዶ የነበረው ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጪ የሚደረግ ሥራ፣ መካከለኛ ልክ ያለው የተዘጋጀ የጠፈር ልብስ የላይኛው ክፍል አንድ ብቻ በመሆኑ እንደታቀደው ሳይካሄድ ቀረ። ስለዚህ አሁን የትናንሽ ሴቶችና የግዙፍ ወንዶች ሞዴሎች አብረው ይሠራሉ። ይህ ለወግ የሚደረግ ሳይሆን በቀጥታ የደኅንነት ጥያቄ ነው።

ቀጣዩ ፈተና የሳሳውን አጥንትና የላላውን አከርካሪ ወደ ሞዴሉ ማስገባት ነው። የአፖሎ ሰዎች ጨረቃ ላይ ያረፉት ቆመው ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሞዴል አስነስተው ምቱ በእግርና በጉልበት በኩል እንዴት ወደ ላይ እንደሚወጣ እያጠኑ ነው። ወደ ማርስ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ለመሄድ ብቻ ከስድስት ወር በላይ ይወስዳል። ካዛክስታን ላይ የሚያርፉትን ጠፈርተኞች አዳኝ ቡድን ደግፎ ያወጣቸዋል፤ ማርስ ላይ የሚጠብቅ ሐኪም የለም፤ ከወንበሩ ተነስቶ በሩን የሚከፍተው ራሱ ተጓዡ ነው። ለዚያ ጉዞ የሚሠራ ወንበር መፈተን ያለበት ጉዞው ባዳከመው አካል ልክ ነው።