ወፍጮው ከመቆሙ በፊት፦ የማዕድን ማሽኖች ንዝረት ምን ይነግረናል?

ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ ሴት ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት የሸክላውን ጎን በጣቷ ታንኳኳለች። ድምፁ ጥርት ካለ ትገዛዋለች፤ ከታፈነባት ግን ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለበት ብላ ትመልሰዋለች። ነገሩ በፊዚክስ ቋንቋ ሲገለጽ፣ የአንድ አካል ንዝረት ስለ ውስጣዊ ሁኔታው መረጃ ይሰጣል ማለት ነው። ይኸው መርሕ በማዕድን ሥራ ላይ የተሰማሩ ግዙፍ ማሽኖች በድንገት እንዳይቆሙ እንዴት እንደሚረዳ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

በሻኪሶ አጠገብ እንደሚገኘው ለገ ደንቢ ባሉ የወርቅ ማዕድን ሥፍራዎች ወርቁ የሚገኘው አለት ተፈልፍሎ፣ ተሰብሮና ተፈጭቶ ነው። አለቱን ከሚያመላልሱት 10 ገልባጭ መኪናዎች አንዱ ቢበላሽ ሥራው በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ወፍጮው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። እርሱ ከቆመ መኪናዎቹ ሁሉ ደህና ቢሆኑም ወርቅ አይወጣም፤ የሠራተኛ ደመወዝና የባንክ ወለድ ግን መቁጠራቸውን አያቆሙም።

የተለመደው መከላከያ ማሽኑን በቀን መቁጠሪያ እየጠበቁ መፈተሽና ዕቃ መለወጥ ነው። ይህ ዘዴ የሚታመነውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮንራድ ዋዲንግተን (ሙያው ሥነ ሕይወት እንደነበር ልብ ይሏል) የእንግሊዝን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላኖች መዝገብ ሲመረምር፣ ያልታሰበ ብልሽት የሚበዛው ከመደበኛው ፍተሻ ቀጥሎ ባሉት የበረራ ሰዓታት መሆኑን አገኘ። ደህና የነበረው ሲፈታና ሲገጠም ይበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ኖውላንና ሂፕ የተባሉ የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የአውሮፕላን ክፍሎች ዕድሜ በገፋ ቁጥር የመበላሸት ዕድላቸው የሚጨምረው 11 በመቶው ብቻ ነበሩ። አውሮፕላን ወፍጮ አይደለምና ቁጥሩን እንዳለ ወስደን ለማዕድን ማሽን ማዋል አይገባንም። የወፍጮው የውስጥ ልባስ በሥራ ብዛት እየሳሳ ስለሚሄድ ለእርሱ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ኩሽኔታ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ዓመታት ሲያገለግል፣ በዚያው ቀን የተገጠመው ሌላው አቧራ ገብቶበት ወይም ግራሶ አጥሮት በጥቂት ወራት ሊያልቅ ይችላል።

እንግዲህ ኩሽኔታው ራሱ ሁኔታውን እንዲነግረን ማድረግ አለብን። ወፍጮውን የሚነዳ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር እንውሰድ። መስመራችን በሰከንድ 50 ዑደት ያለው በመሆኑ ባለ 4 ዋልታ ሞተር በሰከንድ ወደ 25 ጊዜ ይዞራል (በእርግጥ ጥቂት ወደኋላ ይቀራል፤ ለስሌት እንዲመች 25 እንበል)። የኩሽኔታው ውጫዊ ቀለበት የቆመ፣ ውስጣዊው ከዘንጉ ጋር የሚዞር ነው፤ በመካከላቸው 8 የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ እንበል። ኳሶቹ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ስለሚንከባለሉ የእያንዳንዱ ኳስ መካከል የሚጓዘው በውስጣዊው ቀለበት ገጽ ፍጥነት ግማሽ ነው። የኳሱ ስፋት ኳሶቹ ከሚዞሩበት ክብ ስፋት 1/5ኛ ቢሆን፣ ዘንጉ 25 ጊዜ ሲዞር የኳሶቹ ሰልፍ 10 ጊዜ ብቻ ይዞራል። አሁን በውጫዊው ቀለበት ላይ ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ ጉድጓድ ተፈጠረች እንበል። 8 ኳሶች በሰከንድ 10 ጊዜ ሲያልፉባት 80 ጊዜ ትመታለች። ጉድጓዷ በውስጣዊው ቀለበት ላይ ከሆነች ግን ቀለበቱ ኳሶቹን በሰከንድ 15 ዙር ስለሚቀድማቸው ምቱ 8 ጊዜ 15፣ ማለትም 120 ይሆናል። የዘንጉ ሚዛን መዛባት ደግሞ በ25 ላይ ይታያል። ስለዚህ ማሽኑን ሳንፈታ የታመመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ከቁጥሩ እናውቃለን።

ንዝረቱን የሚያነበው መሣሪያ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ነው፤ ይህን ጠባይ የኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አግኝተውታል። የተቀላቀለውን ንዝረት ወደ ልዩ ልዩ ድግግሞሾች የሚለየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1822 የሙቀት ጥናቱን ያሳተመው ፈረንሳዊው ፉሪየር ያስተማረን ሒሳብ ነው። ተማሪዎቻችን «ይህ ሁሉ ኢንተግራል ለምን ይጠቅማል?» እያሉ ይጠይቁናል፤ አንዱ መልስ ይኸውና። ኩሊና ተኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት ፈጣን የስሌት ዘዴ ለ1024 ልኬቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆን የነበረው ስሌት ወደ 10 ሺህ ገደማ ስለወረደ፣ ሥራው ዛሬ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይከናወናል።

ዘዴው ግን ሁሉን አይሰማም። 4 ሜትር ስፋት ያለው ወፍጮ በደቂቃ 21 ጊዜ ገደማ ቢዞር በውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ይዞራሉ እንጂ በአለቱ ላይ አይወድቁም (የስበትን ሽምጠጣ ከክብ እንቅስቃሴ ሽምጠጣ ጋር አስተካክሎ ቁጥሩን ማግኘት ለአንባቢ ጥሩ መልመጃ ነው)። ስለዚህ የሚሠራው ከዚህ ፍጥነት 3/4ኛ በሚሆነው፣ በደቂቃ በ16 ዙር ገደማ ነው። እንዲህ በዝግታ የሚዞር አካል የሚሰጠው ምት ደካማ ሲሆን የአለቱ ነጎድጓድም ይውጠዋል። በመሆኑም ለወፍጮው ዋና ተሸካሚዎች የሙቀት መጠንንና በዘይቱ ውስጥ የሚገኘውን የብረት ብናኝ መከታተል ይመረጣል፤ የንዝረት ልኬት ለሞተሩና ፈጥነው ለሚዞሩት ጥርሶች ይቆያል።

በሀገራችን ሁኔታ ግን ዋናው ጥያቄ የጊዜ ነው። ከውጭ የሚመጣ ከባድ መለዋወጫ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። አንድ ትልቅ ኩሽኔታ በዓመት አንድ ጊዜ ቢበላሽ፣ መለወጡ 2 ቀን ቢወስድና ዕቃው በመጋዘን ቢኖር ወፍጮው ከዓመቱ 99.5 በመቶውን ይሠራል። ዕቃው የሚታዘዘው ከተሰበረ በኋላ ቢሆንና ለመድረስ 6 ሳምንት ቢፈጅ ግን ቁጥሩ ወደ 88 በመቶ ይወርዳል። የጥገና ሠራተኛው ችሎታ በሁለቱም አንድ ነው።

ስለዚህ ልኬቱ በየስንት ጊዜው ይካሄድ የሚለውን የሚወስነው የመለዋወጫው ጉዞ ነው። ጉድጓዷ ለመሣሪያው ከታየችበት ቀን እስከ ስብራቱ 8 ሳምንት ካለና ዕቃው 6 ሳምንት የሚጓዝ ከሆነ፣ በእጃችን የሚቀረው 2 ሳምንት ብቻ ነው። በወር አንዴ የሚለካ ባለሙያ ጉድጓዷን ሊያያት ይችላል፤ ትእዛዙ ግን ይዘገይበታል።