ፕላቲኒየም ነጭ ወርቅ አይደለም

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የጡረታ ቁጠባቸውን በከበረ ማዕድን ስለማስቀመጥ የሚያወሩት ወሬ በስልክ ተሻግሮ ሰፈራችን ብስራተ ገብርኤልም ይደርሳል። ወርቅ ላይ ፕላቲኒየም ቢጨመርበት ቁጠባው ይጠነክራል፤ ፕላቲኒየም እኮ «ነጭ ወርቅ» ነው፣ ከወርቅም ይበልጥ ብርቅ ነው ይባላል። ብርቅነቱ እውነት ነው። በዓመት ከመሬት የሚወጣው ወርቅ ከ3,000 ቶን ሲበልጥ ፕላቲኒየም 200 ቶን እንኳ አይሞላም። ስሙ ግን ስህተት ነው። ነጭ ወርቅ የሚባለው ከፓላዲየም ወይም ከኒኬል ጋር የተቀላቀለ ወርቅ ሲሆን ፕላቲኒየም ራሱን የቻለ ሌላ ብረት ነው። ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም መዘዙ ከባድ ነው፤ ሰው በወርቅ ላይ ያለውን እምነት እንዳለ ወደ ፕላቲኒየም ያዛውራልና።

ወርቅን ማዕከላዊ ባንኮች ለክፉ ቀን ያከማቹታል፤ የእኛም ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ይገዛል። የፕላቲኒየም ትልቁ ደንበኛ ግን መኪና ነው። ከፍላጎቱ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው፣ በተለይ በናፍጣ መኪኖች ላይ፣ መርዛማ ጭስ ለሚያጣራው ዕቃ ይውላል። ስለዚህ ዋጋው የፋብሪካን ዕጣ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 አንዱ አውንስ ከ2,200 ዶላር አልፎ ነበር፤ የዓለም ፋይናንስ ሲናጋ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ 800 ዶላር አካባቢ ወረደ። በዚያው ዓመት ወርቅ ከጀመረበት ዋጋ ከፍ ብሎ ጨረሰ። ሰው መጠጊያ በሚፈልግበት ሰዓት አንዱ ቆመ፣ ሌላው ወደቀ ማለት ነው። በ2008 ጣሪያ ላይ የገዛ ሰው ያንን ዋጋ ከ15 ዓመት በላይ መልሶ አላየውም። የደንበኛውንም የወደፊት ዕጣ ከሰፈራችን መንገድ ማየት ይቻላል፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ጭስ ማውጫ የላቸውም፤ ማጣሪያም አይሹም።

እ.ኤ.አ. በ2025 የፕላቲኒየም ዋጋ በእጅጉ ጨምሯል የሚል ተከራካሪ ትክክል ነው። ከዓለም የማዕድን ምርት 70 በመቶ ገደማ የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ መብራት ሲጠፋ ወይም ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ገበያው ሁሉ ይናጣል፤ መናጥ ደግሞ ወደ ላይም ያስፈነጥራል። ገና 30 ዓመት የሚሠራ ሰው ይህን ሊታገሠው ይችላል፤ ጥቂት ፕላቲኒየም ቢይዝ አልቃወምም። ጡረታው ሁለት ዓመት ለቀረው ግን አልመክርም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተዳከመ ወዲህ ፕላቲኒየም በብር ሲሰላ አትርፏል የሚባለውም ከፊሉ የዶላር ትርፍ ነው፤ በዶላር የተቀመጠ ማንኛውም ነገር ያንኑ ያገኝ ነበር።

በጡረታ ሒሳቤ ገዝቼ ቤቴ አስቀምጠዋለሁ ማለት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ያስቀጣል። ፕላቲኒየም በግል የጡረታ ሒሳብ ውስጥ የተፈቀደው ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ የሚገባው ጥፍጥፍ ንጥረቱ ቢያንስ 99.95 በመቶ መሆን፣ ጠባቂውም ሕጋዊ ባለአደራ መሆን አለበት። ወደ ቤት መውሰድ ገንዘቡን እንደ ማውጣት ይቆጠራል፤ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ላለ ሰው ከግብሩ ሌላ በመደበኛው 10 በመቶ ቅጣት አለው። እዚህ አገር ምርጫው ራሱ የለም፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ወደ ጋራ ፈንድ ይገባል። ወለጋ ዩብዶ ላይ ፕላቲኒየም መውጣቱም ይህን አይለውጥም፤ ከወንዝ አሸዋ የታጠበ ፍሬና በማጣሪያ ፋብሪካ ያለፈ ጥፍጥፍ አንድ አይደሉም። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ፕላቲኒየም 1,768 ይጠይቃል። እናት አምባሯን ይዛ ወርቅ ቤት ብትሄድ ካራቱ ተፈትኖ፣ ተመዝኖ፣ በዕለቱ ገንዘቧን ይዛ ትመለሳለች፤ ለወርቅ የተሠራው የአንጥረኛ እሳት ግን ፕላቲኒየምን አያቀልጠውም።